በወረቀት ላይ ይተርፈኛል፣ ኪሴ ውስጥ ግን የለም

«ጤና ይስጥልኝ እህቴ። ዕድሜዬ 28 ነው። በአንድ የክልል ዩኒቨርሲቲ መምህር ነኝ፤ አሁን ስድስት ኪሎ ሁለተኛ ዲግሪዬን እየተማርኩ ነው። ደመወዜ አልተቋረጠም፤ ግብርና ጡረታ ተቆርጦ 11,300 ብር እጄ ይገባል። በሳምንት 3 ቀን ቦሌ ሄጄ አንድ ልጅ አስጠናለሁ፤ ከዚያ በወር 3,000 ብር አገኛለሁ።

ወጪዬ ይኸውልዎ። ሽሮ ሜዳ ከደባል ጋር በተከራየሁት ክፍል ድርሻዬ 3,500፣ መብራትና ውሃ 200፣ ምግብ 4,500፣ ታክሲ 1,000፣ ለእናቴ 1,500፣ እቁብ 1,000፣ የስልክ ጥቅል 500፣ ፎቶ ኮፒ 300። ሲደመር 12,500 ብር። ስለዚህ በየወሩ 1,800 ብር ሊተርፈኝ ይገባል። ግን ወር በገባ በ20ኛው ቀን ቴሌብር ላይ «እንደኪሴ» በሚባለው የብድር አገልግሎት እየተበደርኩ ነው። ማኪያቶ አቆምኩ፤ ለውጥ የለም። ጓደኞቼ ‹ጉራጌ ሆነህ ገንዘብ መያዝ አቃተህ?› እያሉ ይስቁብኛል።

አሁን ደግሞ አከራያችን ከጥር ጀምሮ በክፍሉ ላይ 2,000 ብር እጨምራለሁ ብለዋል። አንድ ወዳጄ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ከሰው ጋር ብትገባ ድርሻህ 2,500 ብር ብቻ ነው ይለኛል። ልግባ? እቁቡን ልተው? ወይስ ለእናቴ የምልከውን ልቀንስ? የመጨረሻውን ማሰቡ ራሱ ያሳፍረኛል።»

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ ማኪያቶህን መልሰህ ጠጣ። የአንተ ገንዘብ የሚሄደው በሲኒ አይደለም። ሰው ገንዘብ ሲያጥረው ቀድሞ የሚቆርጠው ዓይኑ ሥር ያለችውን ትንሽ ደስታ ነው። ከዚያ ሁለት ወር ይከፋዋል፤ ሦስተኛው ላይ በንዴት ክትፎ ቤት ይገባል።

መደመርህ ልክ ነው። ችግሩ ዝርዝሩ ላይ ነው። የጻፍካቸው ስምንት ወጪዎች ሁሉ በየወሩ የሚመጡ ናቸው። በየወሩ የማይመጣ አንድ ወጪ እንኳ የለበትም። መስቀል የለም። ሰርግ የለም። ጫማ የለም። የመመረቂያ ጽሑፍህ የለም። እነዚህ ሲመጡ ታዲያ ከየት ነው የሚከፈሉት? ከምግቡና ከታክሲው ብር ላይ ነዋ። አንድ ወር የሰርግ መዋጮ ይበላዋል፣ በሚቀጥለው ላፕቶፑ ይበላሻል፣ ከዚያ ደግሞ ለቅሶ ይመጣል። አንተ ግን ሁሌም «ይህ ወር ልዩ ሆኖብኝ ነው» ትላለህ። ልዩ ያልሆነ ወር የትኛው ነበር?

ይህን ዝም ብዬ አልገመትኩም። ደብዳቤህ እንደደረሰኝ ስልክህ ላይ ከ127 የመጡትን የቴሌብር መልእክቶችና የባንክህን አጭር መልእክቶች ወደ ኋላ ሄደህ እንድታይ ጠይቄህ ነበር። ሳታጠፋ ያቆየኸው ጠቀመህ። (ሌሎቻችሁም ይህን አድርጉ። ወጪ መዝግቡ የሚለው ምክር ለብዙ ሰው አይሠራም፤ በሦስተኛው ቀን ይረሳል። ስልካችሁ ግን ሳትጠይቁት ሲመዘግብላችሁ ከርሟል።) ከዚያ ያገኘኸውና ወደፊት ይጠብቀኛል ብለህ በሁለተኛው ደብዳቤህ የጻፍክልኝ በዓመት ሲደመር እንዲህ ሆነ። መስቀል ከነመጓጓዣውና ከነስጦታው 9,000። ለፋሲካ 3,000። ሰርግ፣ ምርቃትና ለቅሶ 4,000። ልብስና ጫማ 6,000። ላፕቶፕና ስልክ ማሠሪያ 4,000። ሕክምና 2,000። ለመመረቂያ ጽሑፍህ መረጃ መሰብሰቢያ፣ ማሳተሚያና ማስጠረዣ 14,000። በድምሩ 42,000 ብር። ለ12 ስታካፍለው በወር 3,500 ይመጣል።

ሁለተኛ ነገር። ቦሌ የምታስጠናው ልጅ ሰኔ ላይ ትምህርቱን ሲጨርስ እስከ መስከረም መጨረሻ አትጠራም። ስለዚህ 3,000 ብሯ በዓመት የምትገባው 9 ጊዜ ነው። ለሦስቱ ወር የቦሌው ታክሲ ወጪም (በወር 720) ስለሚቀር ኪሳራህ ንጹሑን 6,840 ብር ነው፤ በወር 570። አሁን እንደገና እንቁጠር። በወረቀት 1,800 ይተርፍሃል። 3,500 ይቀነስ፣ 570 ይቀነስ። በወር 2,270 ብር ይጎድልሃል። እንደኪሴ ያንተን ወር እየጨረሰ ያለው ለዚህ ነው። አባካኝ ስለሆንክ አይደለም።

ጓደኞችህ ስለ ጉራጌነትህ ያነሱት ቀልድ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። እናትህ ይህን ሒሳብ ካንተ በተሻለ ያውቁታል። በቤተ ጉራጌ ለመስቀል የሚታረደው በሬ የነሐሴ ገንዘብ አይደለም፤ ዓመቱን ሙሉ ሲጠራቀም የከረመ ነው። ሴቶቹ ቅቤውን ሳይቀር በእቁብ ነው የሚያጠራቅሙት። አንተ ግን ያንኑ መስቀል በአንድ ወር ደመወዝ ልትወጣው ትሞክራለህ። ያውም በዓመቱ ክፉ ወር! የመንግሥት ደመወዝ በዓመት 12 ጊዜ ነው፤ ወራችን ግን 13 ነው። የነሐሴዋ ደመወዝ ጳጉሜን ጨምራ 35 ቀን ትሸከማለች፤ በ2019 ጳጉሜ 6 ስለምትሆን 36 ቀን። በዚያ መሐል እንቁጣጣሽ አለ። ከዚያ መስቀል መስከረም 17 ይመጣል። አዲሱ የትምህርት ዘመንም እግር በእግር ይከተላል፤ ምዝገባ፣ ደብተር፣ የቤት ኪራይ። የማስጠናቱ ገንዘብ ደግሞ ገና አልጀመረም። ጥቅምት ላይ የተበደርከውን እስከ ጥር ስትከፍል የቆየኸው ለዚህ ነው።

እንግዲህ ወደ ጥያቄዎችህ።

እቁቡን አትተው። እንዲያውም ካለህ ነገር ሁሉ የሚሻለው እሱ ነው። 20 ሰው በ1,000 ብር እንደሆነና ዕጣህ ገና እንዳልወጣ ነግረኸኛል። ስለዚህ አንድ ቀን 20,000 ብር ይደርስሃል። ጥያቄው መቼ የሚለው ነው። አሁን ቢወጣልህ ምን ታደርገዋለህ? ዕዳ ትከፍላለህ፣ የሆነ ስልክ ትገዛለህ፣ ያልቃል። ስለዚህ ለእቁቡ ዳኛ ከአሁኑ ደውልላቸው። ለጥናቴ መረጃ የምሰበስብበት ጊዜ ስለሆነ ዕጣዬ ወደዚያ ወራት እንዲዛወርልኝ እፈልጋለሁ በላቸው። ቀድሞ ከወጣልህም ተራውን ከሚቸኩል ሰው ጋር ተለዋወጥ። እቁብ ውስጥ የሚቸኩል ሰው ጠፍቶ አያውቅም፤ ቆይቶ ለመውሰድ ፈቃደኛ የሆነ ሰው ደግሞ ሁሌም ይወደዳል። ያ ገንዘብ የመመረቂያ ጽሑፍህ ነው ብለህ ስም አውጣለት። እንዲህ ከሆነ በዓመት የምታዋጣው 12,000 ከ42,000ው ላይ ይነሳልሃል። ጉድለትህ በወር ወደ 1,270 ወረደ።

ምግብ ላይ ትንሽ እንቆይ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ምሳ ውጭ ትበላለህ፤ በ150 ብር ሒሳብ በወር 20 ቀን፣ 3,000 ብር። እራት ከደባልህ ጋር ቤት ነው። ስለዚህ እየሠራችሁ ነው ማለት ነው፤ ምድጃውም ድስቱም አለ። ታዲያ የምሽቱን ሽሮ ለሁለት ሰው ከመሥራት ለአራት ሰው መሥራት ምን ያህል ያደክማል? ሽንኩርቱን አንዴ ነው የምትከትፈው። በሳምንት ሦስት ቀን ምሳ ዕቃ ብትይዝ፣ የቤቱ ምሳ ከነእንጀራው 75 ብር ቢያወጣ፣ በ12 ቀን 900 ብር ይተርፋል። ሁለቱን ቀን ግን ከጓደኞችህ ጋር ውጭ ብላ። ማስተርስ የሚማር ሰው ግማሹን ትምህርት የሚያገኘው ምሳ ላይ ነው፤ የትኛው መምህር ምን ዓይነት ፕሮፖዛል እንደሚወድ ሌላ ቦታ አይነገርም።

«ሌክቸረር ሆኜ ምሳ ዕቃ?» እንዳትለኝ። ካምፓስ ውስጥ ስንት ዶክተር በቦርሳው ምሳ ዕቃ ይዞ እንደሚገባ ብታይ! እነሱ ቢሮ ስላላቸው በር ዘግተው ይበላሉ፤ አንተ ቢሮ ስለሌለህ ዛፍ ሥር ትበላለህ፤ ልዩነቱ ይኸው ነው። ረቡዕና ዓርብ ደግሞ የምትጾም ከሆነ ነገሩ ይቀልልሃል። ሽሮና ምስር ሲያድሩም አይበላሹም፤ ክዳኑ የሚፈስ ምሳ ዕቃ ብቻ አትግዛ። ምስር ወጥ የነካው የጆርናል ኮፒ አይነበብም።

የምትገዛበትንም ቦታ አስብበት። ከሰፈር ሱቅ በሩብ ኪሎ ዘይትና ሽንኩርት መግዛት በጣም ውድ የሆነ አኗኗር ነው። አትክልት ተራ ከፒያሳ ተነሥቶ ወደ ኃይሌ ጋርመንት ከሄደ ወዲህ ለእናንተ ሰፈር ያ ቅርበት ቀርቷል፤ ለሁለት ሰው ሽንኩርት ብሎ እዚያ ድረስ መሄድ አያዋጣም። ግን በየክፍለ ከተማው የእሁድ ገበያ አለ፤ የሸማቾች ማኅበር ሱቅም አለ። በወር ሁለት እሁድ ከደባልህ ጋር ወጥታችሁ ሽንኩርት፣ ድንች፣ ምስርና ዘይት አንድ ላይ ግዙ። አንድ ነገር ተስማሙ፤ የጋራ ብሩ አንድ ሰው ጋ ይቀመጥ፣ ደረሰኝ ባይኖርም በወረቀት ይጻፍ። ደባሎች የሚጣሉት በትልቅ ነገር አይደለም፤ «ዘይቱን ማን ጨረሰው» በሚል ነው።

መስቀል ሄደህ ስትመለስ ደግሞ ባዶ እጅህን አትምጣ። እናትህ በርበሬና ሽሮ ሊሰጡህ ሲሉ «አይ፣ እዚያ እገዛለሁ» ብለህ ትተኸው እንደመጣህ ጽፈህልኛል። ለምን? የከተማ ሰው ለመምሰል ካልሆነ በቀር ምክንያት አላገኘሁለትም። ቆጮውንም ተቀበል። ቆጮ ከእንጀራ በላይ ይቆያል፤ ከጎመን ጋር እራት ይሆናል። እናትህም ልጄ ምን ይበላ ይሆን ከሚል ሐሳብ ትንሽ ያርፋሉ።

ማስጠናቱን አትተው፤ ቦሌን ግን ተው። ደርሶ መልስ 60 ብር ነው ያልከው። በወር 12 ጊዜ ስትሄድ 720 ብር ማለት ነው። ስለዚህ ከ3,000ው የሚቀርህ 2,280 ነው። መንገዱ ላይ የሚያልፈውን ሰዓት አልቆጠርኩትም፤ ማታ ሰልፍ ላይ ቆመህ የምታነበው መጽሐፍ እንደሌለ ግን አውቃለሁ። አራት ኪሎ፣ አምስት ኪሎ ወይም ቀበና በእግርህ የምትደርስበት ተማሪ ብታገኝ፣ በ2,500 ብር እንኳ ብትስማማ ትጠቀማለህ። ከ9 ወሩ የምታገኘው ጭማሪ ለዓመቱ ሲከፋፈል በወር 165 ብር ነው። ትንሽ ነው። ሰዓቱ ግን ትንሽ አይደለም። አሁን ያለህን ልጅ ግን በመሐል አትጣለው፤ የዘንድሮውን ፈተና አስፈትነህ፣ ክረምቱ ላይ ለወላጆቹ ነግረህ፣ ለመስከረም አዲስ ቤት ፈልግ። ጥሩ አስጠኚን ወላጅ ለወላጅ ነው የሚያገናኘው፤ ተጣልተህ ከወጣህ ማንም አይጠቁምህም።

ኮዬ ፈጬ አትግባ። ኪራዩ በ1,000 ብር ይቀንሳል፤ እውነት ነው። ግን መጓጓዣው ለቀን 80 ብር ብቻ ቢፈጅብህ በ22 ቀን 1,760 ብር ነው። አሁን ከሽሮ ሜዳ ጠዋት ቁልቁል በእግርህ ትወርዳለህ፤ ማታ ዳገቱ ሲከብድህ ብቻ ታክሲ ትይዛለህ። ይህ የምትማርበት ጊዜ የሚሰጥህ ትልቁ ጥቅም ነው። ኮዬ ፈጬ ጥሩ ሰፈር ሊሆን ይችላል፤ ሥራው እዚያ አቅራቢያ ለሆነ ሰው።

አከራይህን በተመለከተ ደግሞ ማወቅ ያለብህ ሕግ አለ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ይባላል። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ ያዛል። ውሉ ከ2 ዓመት ማነስ የለበትም። የቅድሚያ ክፍያ ከ2 ወር ኪራይ መብለጥ የለበትም። ጭማሪም አከራዩ በፈለጉ ጊዜ በፈለጉት መጠን የሚያደርጉት አይደለም፤ በዓመት አንዴ ተቆጣጣሪው አካል በሚያሳውቀው ጣሪያ ውስጥ ነው። እናንተ ጋ ግን በአፍ ብቻ ነው የተስማማችሁት።

አሁን አዋጁን ይዘህ በር እንዳታንኳኳ። ሴትዮዋ ትልቅ ሰው ናቸው፤ ጊቢውም የእሳቸው ነው፤ ውሃ የሚጠፋ ቀን በርሜላቸውን ነው የምትቀዱት። በቅዳሜ ከሰዓት፣ ቡና ሲፈላ፣ ከደባልህ ጋር ግቡና «እማማ፣ ሁለት ዓመት እንቆያለን፤ ኪራዩን በየወሩ መጀመሪያ በባንክዎ እናስገባለን፤ በወረቀት እንፈራረምና ወረዳ እናስመዝግበው» በሉ። ለአከራይ ትልቁ ፍርሃት ባዶ ክፍልና የማይከፍል ተከራይ ነው። ሁለቱንም ታስወግዱላቸዋላችሁ። ስለ ጭማሪው ደግሞ ሕጉ የሚፈቅደው ስንት እንደሆነ አብረን ወረዳ እንጠይቅ በሏቸው። ላሉት 2,000 ብር እሺ ካላችሁ ያንተ ድርሻ 1,000 ነው፤ እስካሁን የቆጠርነውን ሁሉ ያፈርሰዋል። ስለዚህ ይህ ንግግር በታኅሣሥ መደረግ አለበት። የጥር ኪራይ የሚከፈልበት ቀን ጠዋት ይሁን ብለህ አታቆየው።

ለእናትህ የምትልከውን አትቀንስ። እንዴት እንደምትልከው ግን ቀይረው። አንዳንድ ወር 1,500፣ አንዳንድ ወር ደውለው «ትንሽ ጨምርልኝ» ሲሉህ 2,500፣ ክረምት ላይ ደግሞ 800 እንደላክህ መልእክቶችህ ላይ አይተሃል። እናትህን የሚያሳስባቸው የብሩ ማነስ አይመስለኝም፤ መቼ እንደሚመጣና ስንት እንደሚሆን አለማወቃቸው ነው። ደመወዝ በገባ ማግስት 1,500 ብር ይግባላቸው። ክረምት ላይ የማስጠናቱ ገንዘብ እንደሚቆም ፊት ለፊት ንገራቸው። ልጃቸው ዩኒቨርሲቲ አስተማሪ ስለሆነ ሀብታም ነው ብሎ የሚያስበው ጎረቤቱ እንጂ እሳቸው አይደሉም። የመስቀሉን ነጠላም ከመስቀል በፊት ባለው ሳምንት እንደምትገዛ ጽፈሃል። ሽሮ ሜዳ ተቀምጠህ! የሀገር ልብስ ከበዓል በፊት ዋጋው እንደሚሰቀል ከሰፈርህ ሰው በላይ ማን ያውቃል? ኅዳር ላይ ገበያው ቀዝቀዝ ሲል ግዛና ሻንጣህ ውስጥ አስቀምጠው።

እቁቡን፣ ምሳ ዕቃውንና አዲሱን ተማሪ ከቆጠርን በወር 205 ብር ገና ይቀርሃል። ይህችን የምታገኛት ከይሉኝታ ነው። መልእክቶችህ ላይ ደጋግመህ ያየኸውን ታውቃለህ፤ «እኔ እከፍላለሁ» እያልክ የሰው ሁሉ ምሳ ትከፍላለህ። ደመወዝ ያለህ አንተ ብቻ እንደሆንክ ስለሚሰማህ ነው። ከአሥር ምሳ አንዱን ጋብዝ። ሌላው ቀን ሒሳቡ ሲመጣ እጅህን ከኪስህ ለማውጣት ትንሽ ዘግየት በል። ሌላው ሰው ያወጣል፤ አይተህ ትገረማለህ። ካልሆነም የራስህን አስቀምጠህ ተነስ፤ ማንም አይቀየምም።

ለጥናትህ ደግሞ ሁለት ቦታ ልጠቁምህ። ኔት ፍለጋ ካፌ ከመግባት አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ሂድ። በ2014 ነው የተከፈተው፤ መግቢያው ነጻ ነው፤ ኮምፒውተርም ኢንተርኔትም አለ። ካምፓስህ ውስጥ ኬኔዲ ቤተ መጻሕፍት አለ። ለታሪክና ለባህል ነክ ርዕስ ከሆነ ደግሞ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም እዚያው ግቢ ውስጥ ነው። ሙሉ መጽሐፍ ፎቶ ኮፒ ማድረግ ስትጀምር አቁምና የምትፈልገውን ምዕራፍ ብቻ በስልክህ አንሣ። ሌላው፣ ወደዚህ ሲልክህ ዩኒቨርሲቲህ ያስፈረመህን የትምህርት ውል አውጥተህ አንብበው። ብዙ ሰው የሚያየው ስንት ዓመት ማገልገል እንዳለበት የሚለውን ገጽ ብቻ ነው። ለጥናት ወይም ለማሳተሚያ የተመደበ ነገር ካለ እዚያ ላይ ይኖራል፤ ካለም ጥያቄው የሚቀርብበት ቀን አለው፤ ካለፈ አለፈ ነው።

አሁን አያያዙ። አንድ የቁጠባ ደብተር ክፈት፤ ካርድ አታውጣለት፣ ስልክህም ላይ አታስገባው። ገንዘብ ለማውጣት ደብተርህን ይዘህ ቅርንጫፍ ድረስ ሄደህ እንድትሰለፍ ይሁን። በምታስጠናባቸው 9 ወራት 3,125 ብር፣ በሦስቱ የክረምት ወራት 625 ብር እዚያ ይግባ፤ የመስከረሙን ሒሳብ ስትጀምር ማለቴ ነው። እስከዚያ የቻልከውን አስገባ። በዓመት 30,000 ይሞላል። ከእቁቡ 12,000 ጋር ሲደመር በየወሩ የማይመጡት ወጪዎችህ ሁሉ ተሸፈኑ። ሰርግ ሲመጣ ከዚያ ነው፤ ጫማ ሲቀደድ ከዚያ ነው። የምግቡን ብር አትንካው።

ምሳ ዕቃው 900 ከቀነሰለት በኋላ የሚቀረውን የምግብ 3,600 ደግሞ ለ3 ክፈለው። ወራችን 30 ቀን ድርቅ ያለች ስለሆነች ይህ ይመቻል። በ1 ቀን 1,200፣ በ11 ቀን 1,200፣ በ21 ቀን 1,200። በ8ኛው ቀን ካለቀብህ የሚርብህ 2 ቀን ነው፤ እስከ ወር መጨረሻ አይደለም። ደባልህም እስከዚያ ያበላሃል።

እንደኪሴን በአንድ ጊዜ ዝጋው። ቴሌብርህ ላይ ገንዘብ እንደገባ ራሱ ቆርጦ ስለሚወስድ አንተ ወሩን ሁሌም ተቀንሶብህ ነው የምትጀምረው፤ ከነአገልግሎት ክፍያው። ያለብህ 2,600 ብር እንደሆነ ጽፈሃል። ለሁለት ወር ደብተሩ ውስጥ ምንም አታስገባ፤ ትርፍህን ሁሉ እዚህ ላይ አድርገው። ከዚያ በኋላ አገልግሎቱን ከስልክህ ላይ አስዘጋው። ክፍት ሆኖ እያለ አልጠቀምበትም የሚል ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

አከራይህ ስለ ውሉ ምን እንዳሉ ጻፍልኝ። እምቢ ካሉ ከወረዳው በፊት ሊሞከር የሚችል አንድ ሁለት መንገድ አለ፤ በደባልህ በኩልም የምጠይቅህ ይኖራል።